አጠራጣሪ አክሲዮን ሾርት ማድረግ፦ ገበያው እየጋለበ ሳለ እንዴት ይሠራል?

በ2020 አንድ የኤሌክትሪክ መኪና ድርጅት ሾርት አደረግሁ፤ ማለትም ዋጋው ይወርዳል ብዬ ተወራረድኩበት። ስሙን ልተወው። ፋብሪካ አለኝ ይላል፤ ራሱ ባወጣው ፎቶ ላይ ግን የሚታየው ባዶ አዳራሽ ነው። ሽያጭ የለውም። ዋጋው ግን በየሳምንቱ ይወጣል። 100 አክሲዮን ተበድሬ በ22 ዶላር ሸጥኩ። በሦስተኛው ሳምንት 41 ዶላር ገባ። ብሮከሬ፣ ማለትም አክሲዮን የምገዛና የምሸጥበት ድርጅት፣ ለዋስትና ተጨማሪ ገንዘብ አስገባ አለኝ። አልነበረኝም። በ41 ዶላር መልሼ ገዛሁና 1,900 ዶላር ከስሬ ወጣሁ። ከስምንት ወር በኋላ ያው አክሲዮን 6 ዶላር ነበር።

ስለ ድርጅቱ ያሰብኩት ሁሉ ልክ ነበር። ገንዘቤ ግን ሄደ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። ትክክል ነው፤ ይጠራል። ሾርት ያደረገ ሰው ግን እስኪነጋ ድረስ ኪራይ ይከፍላል፣ ዋስትና ይጠየቃል፣ አንዳንዴም ሊነጋ ሲል ከቤት ይባረራል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ውሸታም ድርጅት ስለማግኘት ብቻ አይደለም። ሌሊቱን እንዴት መሻገር እንደሚቻል ጭምር ነው።

የጻፍኩት በአሜሪካ ገበያ ላይ ሂሳብ ላላችሁ ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራ የጀመረው በጥር 2025 ነው፤ ገና ለጋ ስለሆነ እዚህ የምለው ለእሱ አይሆንም። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ ምንድን ነው?

ክረምት ላይ ጤፍ ተወዷል እንበል። ከጎረቤት አንድ ኩንታል ተበደራችሁና ወዲያው ሸጣችሁ። አዝመራው ገብቶ ጥር ላይ ሲረክስ አንድ ኩንታል ገዝታችሁ መለሳችሁ። ልዩነቱ ኪሳችሁ ገባ። ዝናብ ቀርቶ የጤፍ ዋጋ እጥፍ ቢሆንስ? ጎረቤታችሁ የሚፈልገው ጤፉን እንጂ ብሩን አይደለም። በስንትም ይሁን ገዝታችሁ ትመልሳላችሁ።

ሾርት ማለት ይኸው ነው። 100 አክሲዮን ተበድራችሁ በ50 ዶላር ብትሸጡ 5,000 ዶላር ይገባል። ዋጋው 20 ቢወርድ በ2,000 ገዝታችሁ ትመልሳላችሁ፤ ወጪ ሳይቀነስ 3,000 አተረፋችሁ። 150 ቢወጣ ግን መመለሻው 15,000 ነው፤ 10,000 ከሰራችሁ። አክሲዮን የገዛ ሰው ቢበዛ የሚያጣው ያወጣውን ነው። ሾርት ላደረገ ሰው ጣሪያ የለም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህች አንድ እውነት የሚመዘዝ ነው።

1. ሂሳቡን አዘጋጁ

ተራ ሂሳብ አይበቃም፤ ማርጂን አካውንት፣ ማለትም ከብሮከሩ መበደር የሚያስችል ሂሳብ፣ ያስፈልጋል። ዝቅተኛው 2,000 ዶላር ነው። በጡረታ ሂሳባችሁ፣ ማለትም በአይአርኤ፣ ሾርት ማድረግ አይፈቀድም።

ሕጉ ከሽያጩ ገንዘብ ሌላ ቢያንስ 50% ከራሳችሁ እንድታስይዙ ይጠይቃል። በምሳሌያችን 5,000ው እዚያው ተይዞ ይቀመጣል፤ 2,500 ከኪሳችሁ ትጨምራላችሁ። ጠቅላላው 7,500 ሆነ። ከዚያ በኋላ ደግሞ የራሳችሁ ድርሻ ከአክሲዮኑ ወቅታዊ ዋጋ 30% በታች መውረድ የለበትም። አሁን ብዕር ያዙና አስሉ። ዋጋው 58 ዶላር ሲደርስ መመለሻው 5,800 ይሆናል። ከ7,500 ሲቀነስ የእናንተ ድርሻ 1,700 ነው። የ5,800 30% ግን 1,740 ነው። ጎደለ። ማርጂን ኮል፣ ማለትም «ገንዘብ ጨምሩ» የሚል ጥሪ፣ መጣ።

ልብ በሉ፤ ከ50 ወደ 58። በሚጋልብ ገበያ ይህ የሁለት ቀን እንቅስቃሴ ነው። ያውም አጠራጣሪ ለሆኑ አክሲዮኖች ብሮከሮች ከ30% በላይ ይጠይቃሉ፤ በአንድ ጀምበር 100% የሚያደርጉም አሉ። ገንዘብ ካላስገባችሁ ብሮከሩ ራሱ ገዝቶ ይዘጋዋል። ሊጠብቃችሁም አይገደድም። ስለዚህ ሕጉ የሚጠይቀውን ዝቅተኛ ገንዘብ ብቻ ይዛችሁ አትግቡ። የ2020 ጥፋቴ ይህ ነበር።

2. «ውድ»ን ከ«አጠራጣሪ» ለዩ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። «ይህ ድርጅት ይህን ያህል አያወጣም» ብሎ ሾርት ያደርጋል። አይበቃም። ውድ የሆነ ነገር የበለጠ ሊወደድ ይችላል፤ ማንም የሚከለክለው የለም።

1999ን እዩት። የኢንተርኔት አክሲዮኖች ዋጋ ከልክ ማለፉ በዓመቱ መጀመሪያም ግልጽ ነበር። የቴክኖሎጂ ድርጅቶች የሚበዙበት ናስዳክ የተባለው ገበያ ግን በዚያ ዓመት ብቻ 85% ገደማ ወጣ። ከፍተኛው ጫፍ ላይ የደረሰው ማርች 10 ቀን 2000 ነው። ከዚያ እስከ ኦክቶበር 2002 ድረስ 78% ወረደ። በጥር 1999 «ይህ አረፋ ነው» ያለ ሰው ልክ ነበር። በሾርት ከቆየ ግን አረፋው ሲፈነዳ ለማየት ገንዘብ አልተረፈውም።

ቡል ማርኬት ማለት ቃል በቃል የበሬ ገበያ ነው። በሬውን «ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» እንለዋለን። ሾርት የሚያደርግ ሰው ገደሉን አይቷል። ያላየው በሬው ገደሉ ጋ እስኪደርስ ስንት ሜዳ እንደሚጋልብ ነው።

እኔ የምፈልገው ሁለቱንም ነው። ዋጋው ውድ ይሁን፤ በዚያ ላይ ደግሞ የድርጅቱ ወሬና የድርጅቱ ወረቀት አይገናኙ። ጥሩ ድርጅት ውድ ስለሆነ ብቻ ሾርት አላደርግም። ጥሩ ሥራ ያለው ድርጅት ሁለት ሦስት ዓመት አድጎ ዋጋውን ሊሞላው ይችላል። የሌለ ነገር ግን አያድግም።

3. ወረቀቱን ከኋላ ጀምራችሁ አንብቡ

የአሜሪካ ተቆጣጣሪ ኤስኢሲ፣ ኤድጋር በሚባለው ድረ ገጹ ላይ አክሲዮናቸው በገበያ የሚሸጥ ድርጅቶችን ሰነድ በነፃ ያስቀምጣል። ዓመታዊው 10-ኬ፣ የሩብ ዓመቱ 10-ኪው፣ ድንገተኛ ጉዳይ የሚገለጽበት ደግሞ 8-ኬ ይባላል። ፊት ለፊት ያሉት ገጾች የሚያምር ወሬ ናቸው። ነገሩ ያለው ከኋላ፣ የሂሳብ ማብራሪያዎቹ ውስጥ ነው። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ አትሸሹ፤ የምትፈልጉት የተወሰኑ ቁጥሮች ናቸው።

መጀመሪያ ትርፉን ከጥሬ ገንዘቡ ጋር አስተያዩ። ድርጅቱ «100 ሚሊዮን አተረፍኩ» ይላል። የጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫው ላይ ከሥራ የገባው ገንዘብ ግን በኔጌቲቭ ነው። አንድ ሩብ ዓመት ከሆነ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ሦስት ዓመት ከሆነ ትርፉ ያለው ወረቀት ላይ ነው ማለት ነው።

ቀጥሎ ተሰብሳቢ ሂሳቡን እዩ። ሱቅ ያለው ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ሽያጩ 20% ጨምሮ የዱቤ መዝገቡ 80% ከጨመረ፣ ወይ ለማይከፍል ሰው እየሸጠ ነው፣ ወይ ያልሸጠውን እየመዘገበ ነው።

ከዚያ ማን ከማን ጋር እንደሚነግድ ፈልጉ። ዋናው ደንበኛ የሥራ አስኪያጁ ወንድም ድርጅት ሆኖ ሲገኝ ደብተሬ ላይ በቀይ አሰምርበታለሁ። 8-ኬዎቹን ደግሞ በቁጥር ለዩ። 4.01 ኦዲተር ሲቀየር ነው። 5.02 ኃላፊ ሲለቅ ነው፤ በተለይ የፋይናንስ ኃላፊው ዓመት ሳይሞላው ከለቀቀ አቁማችሁ አንብቡ። 4.02 ከሁሉም የከፋው ነው፤ «ከዚህ በፊት ያወጣነውን ሂሳብ አትመኑት» ማለት ነው። ዓመታዊ ሪፖርቱ ከዘገየም ምክንያቱን አጥኑ። የአክሲዮኑ ብዛት በየዓመቱ ስንት በመቶ እንደሚጨምርም ጻፉ። ሥራው አክሲዮን ማተም ብቻ የሆነ ድርጅት አለ።

ገንዘብ አለኝ የሚል ድርጅት ገንዘቡ የት እንዳለም መጠየቅ አለበት። የጀርመኑ የክፍያ ድርጅት ዋየርካርድ በሴፕቴምበር 2018 ከኮሜርዝባንክ ቦታ ወስዶ ከአገሪቱ 30 ታላላቅ ድርጅቶች መዝገብ ገባ። በጁን 2020 ግን ፊሊፒንስ ባንክ ውስጥ አለ የተባለው 1.9 ቢሊዮን ዩሮ የለም ተባለ። በቀናት ውስጥ ድርጅቱ ኪሳራ አወጀ። ታዲያ ጥርጣሬው ያኔ አልተጀመረም። በ2016 መጀመሪያ ላይ ሾርት ሻጮች ሪፖርት አውጥተውበት ነበር። ያኔ ዋጋው ከ50 ዩሮ በታች ነው። በ2018 ከ190 አለፈ። በፌብሩዋሪ 2019 ደግሞ የጀርመን ተቆጣጣሪ ባፊን ድርጅቱን መመርመር ሲገባው ሾርት ማድረግን ለሁለት ወር ከለከለ። በ2016 እውነቱን ያየ ሰው ከአራት ዓመት በላይ መጠበቅ ነበረበት። ዋጋው በመካከሉ ወደ አራት እጥፍ ወጥቶበታል።

4. ሄዳችሁ እዩ

ወረቀት ይዋሻል። ሱቅ፣ መጋዘን፣ የመኪና ማቆሚያ ግን ብዙም አይዋሽም።

ላኪን ኮፊ የሚባል የቻይና የቡና ድርጅት በሜይ 2019 ናስዳክ ገባ። በጃንዋሪ 2020 መጨረሻ ላይ ስሙ ያልተገለጸ ወገን የጻፈውን ሪፖርት መዲ ዋተርስ የተባለው ሾርት ሻጭ ድርጅት ለሕዝብ አወጣው። አጥኚዎቹ ከ1,500 በላይ ሰው አሰማርተው ነበር። ሰዎቹ ሱቆቹ ውስጥ ተቀምጠው የሚገባውን ደንበኛ በቪዲዮ ቀረጹ፤ ከ11,000 ሰዓት በላይ። 25,843 ደረሰኝም ሰበሰቡ። ድርጅቱ ከሚለው ጋር ሲያስተያዩት አልገጠመም። ላኪን መጀመሪያ ካደ። ኤፕሪል 2 ቀን ግን 2.2 ቢሊዮን ዩዋን ገደማ ሽያጭ ፈጠራ እንደሆነ ራሱ አሳወቀ። አክሲዮኑ በዚያ ቀን ብቻ 75% ገደማ ወረደ።

እናንተ 1,500 ሰው አታሰማሩም። ግን ዋሽንግተን አካባቢ፣ ዳላስ፣ አትላንታ ቀኑን ሙሉ መኪና የሚነዳ ወገናችን ስንት ነው? ሆስፒታል ውስጥ የሚሠራው፣ መጋዘን ውስጥ የሚጭነው፣ የነዳጅ ማደያ ያለው? «በየከተማው የቻርጅ ጣቢያ ከፈትኩ» የሚል ድርጅት ካለ አድራሻዎቹን አውጥታችሁ በመንገዳችሁ ላይ አምስቱን እዩ። ሁለቱ ከሌሉ፣ አንዱ ደግሞ ከተበላሸ፣ የዎል ስትሪት ተንታኝ ቢሮው ተቀምጦ የማያየውን አይታችኋል። አንድ ነገር ግን ጠብቁ። የምትሠሩበት ድርጅት ውስጥ ያያችሁትን ለሕዝብ ያልወጣ ምስጢር ተጠቅማችሁ መነገድ ወንጀል ነው። ከመንገድ የሚታየው ሌላ ነው።

5. ስንጥቁ እስኪታይ ጠብቁ

እውነቱን ማወቅ አንድ ነው። መቼ መግባት እንዳለባችሁ ማወቅ ሌላ ነው። ገበያው ሲጋልብ፣ በየቀኑ አዲስ ከፍታ የሚነካ አክሲዮን ፊት አትቁሙ። ጫፉን ልያዝ ብላችሁ አትጓጉ።

ኒኮላ የሚባለው የከባድ መኪና ድርጅት በጁን 2020 ገበያ ገባ። በቀናት ውስጥ 80 ዶላር ገደማ ደረሰ። ሴፕቴምበር 8 ጀነራል ሞተርስ አብሬው እሠራለሁ አለ። ሁለት ቀን ቆይቶ ሂንደንበርግ ሪሰርች ሪፖርት አወጣ። ከነገሩ ሁሉ የማይረሳው አንድ ቪዲዮ ነው። መኪናው በመንገድ ላይ ሲበር ይታያል። በእርግጥ ግን ቁልቁለት ላይ ወጥቶ ተለቆ ነበር፤ በራሱ ኃይል አልሄደም። ድርጅቱ ሲመልስ «በራሱ ኃይል ይሄዳል አላልንም» አለ። እንዲህ ያለ መልስ ስታዩ አንድ ነገር ተሰንጥቋል። በዚያው ወር መሥራቹ ትሬቨር ሚልተን ከኃላፊነት ለቀቀ።

ሚልተን የለቀቀ ዕለት ዋጋው 27 ዶላር ገደማ ነበር። ብዙ ሰው «አለቀ፣ አመለጠን» አለ። ዓመቱ ሲያልቅ ግን 15 ገደማ ነበር። ድርጅቱ በፌብሩዋሪ 2025 የኪሳራ ማመልከቻ አስገባ። ከ80 ወደ 27 ያለውን መንገድ ያልያዘ ሰው ከ27 በታች ያለው ሰፊ ሜዳ ነበረው፤ ያውም ሁሉ ነገር ከተጋለጠ በኋላ።

እኔ የምጠብቃቸው ምልክቶች እነዚህ ናቸው። ጥሩ ዜና ወጥቶ አክሲዮኑ ከወረደ። ድርጅቱ ለጥያቄ መልስ ሳይሰጥ ጠያቂውን ከተሳደበ። ገበያ ገና የገባ ድርጅት ከሆነ ደግሞ የውስጥ ሰዎች መሸጥ የሚፈቀድላቸው ቀን፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ180 ቀን በኋላ ነው። ዕዳ የሚከፈልበት ቀንም አለ። ቀን የሌለው ሐሳብ ሐሳብ ብቻ ነው።

6. ኪራዩንና ሕዝቡን ቁጠሩ

የተበደራችሁት አክሲዮን ወለድ አለው። ለታወቀ ትልቅ ድርጅት ከቁጥር አይገባም። ሁሉም ለሚጠረጥረው ትንሽ ድርጅት ግን በዓመት 60%ም 100%ም ይደርሳል። በየቀኑም ይቀያየራል። 5,000 ዶላር በ60% ማለት በወር 250 ዶላር ነው። አክሲዮኑ ምንም ሳይንቀሳቀስ ስድስት ወር ከቆየ 1,500 ሄደ። ዲቪደንድ፣ ማለትም ድርጅቱ ለባለአክሲዮኖች የሚያከፋፍለው ትርፍ፣ ካለም የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። አበዳሪው አክሲዮኑን ድንገት መልሱልኝ ሊል ይችላል፤ ያኔ በማንኛውም ዋጋ ትዘጋላችሁ። ከመግባታችሁ በፊት ብሮከራችሁ ገጽ ላይ ወለዱን እዩ። ከ20% በላይ ከሆነ እኔ በቀጥታ ሾርት አላደርግም።

ስንት ሰው አብሯችሁ እንዳለም ቁጠሩ። ሾርት የተደረገው ብዛት በወር ሁለት ጊዜ ይወጣል። በገበያ ላይ ካለው አክሲዮን ስንት በመቶ እንደሆነ እዩ። ሾርት የተደረገውን ብዛት ደግሞ በቀን በአማካይ ለሚሸጠው ብዛት አካፍሉት። አሥር ከመጣ፣ ሁሉም ሾርት አድራጊ ለመውጣት አሥር የገበያ ቀን ይፈልጋል ማለት ነው። አንድ በር ያለው አዳራሽ ውስጥ እሳት ቢነሳ ምን እንደሚሆን አስቡ። ሾርት ስኩዊዝ የሚባለው ይህ ነው።

የቪዲዮ ጌም ሱቆች ባሉት በጌምስቶፕ ላይ ሾርት የተደረገው በገበያ ላይ ካለው አክሲዮን ከ100% በላይ ነበር። 2020 ሲያልቅ ዋጋው ከ20 ዶላር በታች ነው። ጃንዋሪ 28 ቀን 2021 ለአፍታ 483 ነካ። ሜልቪን ካፒታል የተባለው ትልቅ ፈንድ በዚያ ወር ከገንዘቡ 53% አጣ። በቀጣዩ ዓመት ተዘጋ። ጌምስቶፕ ያኔ ጥሩ ድርጅት ስለነበር አይደለም። በሩ አንድ ስለነበር ነው።

ትልቅ ድርጅት ላይም ይደርሳል። በኦክቶበር 2008 ፖርሽ ከቮልስዋገን 74.1% በቀጥታና በኦፕሽን፣ ማለትም ወደፊት የመግዛት መብት በሚሰጥ ውል፣ መያዙን ተናገረ። 20% ደግሞ የጀርመኑ የታችኛው ሳክሶኒ ክፍለ ግዛት መንግሥት ድርሻ ነበር። ለገበያው የቀረው ከ6% በታች ነው። ሾርት የተደረገው ከዚያ ይበልጥ ነበር። በሁለት የገበያ ቀን ዋጋው ከ1,000 ዩሮ አለፈ። ዓለም በፋይናንስ ቀውስ እየተናጠ ባለበት ሳምንት፣ ቮልስዋገን ለአፍታ የዓለማችን ውዱ ድርጅት ሆነ።

በገበያ ላይ ካለው ከ20% በላይ ሾርት የተደረገበትን ነገር እንድትተዉት እመክራለሁ። ሐሳቡ የቱንም ያህል ቢያምር።

7. መጠኑን አሳንሱ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ክፍል ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ።

የገዛችሁት አክሲዮን ሲወርድ ከሂሳባችሁ ውስጥ ያለው ድርሻ እያነሰ ይሄዳል። ጉዳቱ ራሱን ያሳንሳል። ሾርት ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ በተሳሳታችሁ ቁጥር ያድጋል። 20,000 ዶላር አላችሁ እንበል። 1,000 ዶላር፣ ማለትም 5%፣ ሾርት አደረጋችሁ። ዋጋው ሦስት እጥፍ ወጣ። 2,000 ከሰራችሁ። ሂሳባችሁ 18,000 ነው፤ ያ ሾርት ግን አሁን 3,000 ሆኗል። 5% የነበረው ከሂሳባችሁ አንድ ስድስተኛ ሆነ። ነገ 30% ቢጨምር የሚጎዳችሁ ከትናንቱ በሦስት እጥፍ ነው። ሰው እንቅልፍ የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ጫፉ ላይ ገዝቶ ይወጣል።

የእኔ ልክ ይህ ነው። አንድ ሾርት ከሂሳቤ ከ2% አይበልጥም። ሁሉም ተደምረው ከ10% አይበልጡም። የቀረው ገንዘብ ገበያው ሲወጣ አብሮ በሚወጣ ነገር ላይ ይቀመጣል። ከ20,000 ላይ 2% ማለት 400 ዶላር ነው። ትንሽ ነው ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ትንሽ ነው። አምስት እጥፍ ቢወጣባችሁ የምታጡት 1,600 ዶላር ነው። ያማል፤ ግን ቤት አያፈርስም።

«ስቶፕ ሎስ አደርጋለሁ» የሚል አለ፤ ዋጋው አንድ ቦታ ሲደርስ ራሱ የሚዘጋ ትዕዛዝ ማለት ነው። ቀን ላይ ይረዳል። ሌሊት ግን አይሠራም። በኖቬምበር 2015 አንድ አሜሪካዊ ሂሳቡ ላይ 37,000 ዶላር ገደማ ነበረው። ካሎባዮስ የሚባል፣ ሊዘጋ የተቃረበ የመድኃኒት ድርጅት ሾርት አድርጎ ነበር። ዋጋው 2 ዶላር ገደማ ነው። ገበያ ከተዘጋ በኋላ የመድኃኒት ዋጋ በማናር የታወቀው የማርቲን ሽክሬሊ ቡድን ድርጅቱን እየገዛ እንደሆነ ተሰማ። አክሲዮኑ በዚያው ሌሊት ብዙ እጥፍ ዘለለ። ሰውየው ሂሳቡን ሲያይ 37,000ው የለም፤ ለብሮከሩ ከ106,000 ዶላር በላይ ዕዳ አለበት። በቀጣዩ ወር ሽክሬሊ ታሰረ። ከዚያች ሌሊት 40 ቀን ገደማ ቆይቶ ካሎባዮስ ኪሳራ አወጀ። ሰውየው ስለ ድርጅቱ የገመተው እውነት ነበር።

8. ለጀማሪ፦ ፑት ኦፕሽን

በቀጥታ ከመበደር ይልቅ ፑት መግዛት ይቻላል። ፑት ማለት አክሲዮኑን እስከ አንድ ቀን ድረስ በተወሰነ ዋጋ የመሸጥ መብት ነው። አንድ ውል 100 አክሲዮን ይይዛል። አክሲዮኑ 50 ላይ ሳለ የ40 ፑት በ3 ዶላር ብትገዙ 300 ዶላር ከፈላችሁ። ዋጋው 20 ከገባ መብቱ 2,000 ያወጣል፤ 1,700 አተረፋችሁ። ዋጋው 500 ቢወጣም የምታጡት ያው 300 ነው። ማርጂን ኮል የለም። ኪራይ የለም። ሌሊት ተኝታችሁ ታድራላችሁ።

ክፋቱ ሁለት ነው። ቀን አለው፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ ድርጅቱ ቢወድቅ አይጠቅማችሁም። ሁለተኛ፣ ሁሉም የሚጠረጥረው አክሲዮን ፑቱ ውድ ነው። ለማርከስ የ40ውን ገዝታችሁ የ30ውን መሸጥ ትችላላችሁ። የ30ው በ1.20 ከተሸጠ ወጪያችሁ ከ300 ወደ 180 ይወርዳል። ትርፉ ግን 820 ላይ ይቆማል። እኔ ለጀማሪ ሁሌ ይህን ነው የምለው፦ የመጀመሪያዎቹን አምስት ሙከራዎች በፑት አድርጉ። ወለዱ ከፍ ያለ አክሲዮን ላይ ደግሞ ሁልጊዜ በፑት።

9. ትዕዛዙን ማስገባት

አጭር ነው። «ሴል» እና «ሴል ሾርት» የተለያዩ ቁልፎች ናቸው። ሁልጊዜ የዋጋ ገደብ ያለው፣ ሊሚት የሚባለውን ትዕዛዝ ተጠቀሙ። ገበያው በተከፈተ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት አትግቡ። አክሲዮኑ ከትናንቱ መዝጊያ 10% ከወረደ የዚያን ቀንና የቀጣዩን ቀን ሾርት ማድረግ ላይ ገደብ ይጣላል፤ ትዕዛዛችሁ ቢዘገይ አትደናገጡ። ትርፉ አብዛኛውን ጊዜ እንደ አጭር ጊዜ ገቢ ታክስ ይከፈልበታል፤ ሂሳብ ሠሪያችሁን ጠይቁ። ሙስሊም አንባቢዎቼ ደግሞ ብዙ ዑለማዎች ሾርትን እንደማይፈቅዱ አውቃችሁ መጀመሪያ የምታምኗቸውን ጠይቁ።

ከገባችሁ በኋላ በቴሌግራም ቡድን ላይ ያልተጣራ ወሬ አትበትኑ። ዋጋ ለማውረድ ብሎ ውሸት ማሰራጨት ወንጀል ነው። ውሸታም ድርጅት ላይ የቆመ ሰው ራሱ መዋሸት የለበትም።

10. መውጫው

ሳትገቡ በፊት ሦስት መውጫ ጻፉ፦ በዋጋ፣ በቀን፣ በምክንያት። ምክንያቱ ከጠፋ፣ ለምሳሌ ድርጅቱ እውነተኛ ጥሬ ገንዘብ ማስገባት ከጀመረ፣ ዋጋውን ሳታዩ ውጡ። ከድርጅቱ ጋር እልህ አትጋቡ።

እልህ ምን እንደሚያደርግ ቢል አክማን የተባለው አሜሪካዊ የፈንድ ኃላፊ አሳይቶናል። በዲሴምበር 2012 የምግብ ማሟያ የሚሸጠውን ሄርባላይፍን በ1 ቢሊዮን ዶላር ሾርት አድርጎ «ፒራሚድ ነው» አለ። ካርል አይካን የተባለ ሌላ ባለሀብት በተቃራኒው ቆሞ ገዛ። በ2016 የአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪ ኤፍቲሲ ድርጅቱን 200 ሚሊዮን ዶላር አስከፈለው፤ አሠራሩንም አስቀየረው። ግን አልዘጋውም። አክማን በ2018 መጀመሪያ ከስሮ ወጣ። አምስት ዓመት።

ዋጋው በግማሽ ሲወርድ እኔ ግማሹን እዘጋለሁ። ዜሮ እስኪገባ አልጠብቅም። የላኪን አክሲዮን ከኤፕሪል 7 እስከ ሜይ 20 ቀን 2020 ታግዶ ነበር። በታገደ አክሲዮን መውጣት አይቻልም፤ ወለዱ ግን መቁጠሩን ይቀጥላል። ደግሞም ላኪን አልሞተም። አስተዳደሩን ቀይሮ ተነሳ፤ በ2023 ቻይና ውስጥ በሽያጭ ስታርባክስን በለጠ።

የደብተሬ አንድ ገጽ ይህን ይመስላል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው።

አጠራጣሪው ነገር፦ አተረፍኩ ይላል፤ ከሥራ የገባው ጥሬ ገንዘብ ሦስት ዓመት ኔጌቲቭ ነው። 10-ኬ፣ ገጽ 58።
የሚጠበቀው ቀን፦ ኖቬምበር 12፣ የሩብ ዓመት ሪፖርት።
ወለድ፦ በዓመት 9%።
ሾርት የተደረገው፦ 11%። ለመውጣት 3 ቀን።
መጠን፦ 8 አክሲዮን በ50፣ 400 ዶላር።
ተሳስቻለሁ የምለው፦ ዋጋው 65 ከገባ፣ ወይም ጥሬ ገንዘቡ ፖዘቲቭ ከሆነ።
ግማሹን የምዘጋው፦ 25 ላይ።
የመጨረሻ ቀን፦ ፌብሩዋሪ 28።

ገጹ ሳይሞላ ቁልፉን አልነካም። እናንተ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ሦስት ድርጅቶች መርጣችሁ ሦስት ገጽ ሙሉ፤ ያለ ገንዘብ። አርብ ገበያው ሲዘጋ ዋጋውን፣ ወለዱንና በዚያ ሳምንት የወጣ 8-ኬ ካለ ቁጥሩን ጻፉ። 13 አርብ ሲሞላ ቁጭ ብላችሁ ከላይ እስከ ታች አንብቡት። በተለይ ዋጋው «ተሳስቻለሁ» የምትሉበትን ቁጥር የነካበት አርብ ካለ፣ የዚያን ዕለት ምን እንደተሰማችሁ ከጎኑ ጻፉ።